ሽማግሌ የተላከበት አምበል

ሰኞ፣ ሜይ 16። ጠዋት፣ የፓርኪንጉ ቡዝ ውስጥ

ድምፄ እስካሁን አልተመለሰም። ትናንት ሜዳ ዳር ስጮህ ነው የዋልኩት። አንድ ለአንድ ወጣን፤ እሱም በግድ። ግማሽ ፍጻሜ ገብተናል፤ ግን ደስታው አልመጣልኝም ደብተሬ።

ጎሉን ያገባብን ልጅ በጌታቸው ጎን ሲያልፍ አየሁት። አልሮጠም እኮ። ሰው በመንገድ እንደሚያልፍ አለፈ። ጌታቸው እስኪዞር ልጁ አግብቶ ማሊያውን አውልቋል።

እስቲ ያለ ወገንተኝነት ልፍረድ። ጌታቸው አምበላችን ነው። መሃል ተከላካይ። አርባን ሊደፍን ምንም አልቀረው። ታክቲኩ አንድ ናት፦ ወደፊት መውጣት። ኳስ የያዘው ልጅ ሊያቀብል ሲል ጌታቸው እጁን ያነሳል፤ አራቱም ተከላካዮች አንድ እርምጃ ወጣ ይላሉ፤ አጥቂያቸው ከኋላችን ብቻውን ይቀራል፤ ዳኛው ይነፋል። ኦፍሳይድ። ስንት ዓመት በዚች በአንዲት እርምጃ ኖርን። ሩጫ አትፈልግም፣ ዓይን ነው የምትፈልገው። ዓይኑ አሁንም አለ። ግን እርምጃዋ አንዴ ከተሳሳተች ተመልሶ የሚሮጥ እግር ያስፈልጋል። እሱ የለውም። በቃ።

መኪና መጣ።

ተመለስኩ። ቲኬቷ የጠፋባት ሴትዮ ናት። ቦርሳዋን ሙሉ አራገፈችልኝ፣ ቲኬቱ አፏ ውስጥ ነበር።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ጌታቸው። ይሄን ፍርድ ላንቺ እንጂ ለሌላ ለማንም መናገር አልችልም። አበልጄ ነው። ናቲን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው፤ ሚስቴን ሂሩትን ምጥ ሲይዛት፣ እኔ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ፣ መኪና ውስጥ አስገብቶ ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነው። አሁን ደግሞ ናቲ እዚህ አሜሪካ አድጎ፣ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ የሱው ተቀያሪ ሆኗል። ይኸውልሽ መከራዬ። አምበሉን ባስቀምጥ በቦታው የሚገባው ልጄ ነው። ሰው ምን ይላል? አበልጁን አውርዶ ልጁን ሾመ ይላል። አንቺ ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅሽም፤ ታድለሽ።


ረቡዕ፣ ሜይ 18

ልምምድ፣ ዊተን ሜዳ። ጌታቸው ቫኑን ሞልቶ መጣ። እንደ ሁልጊዜው ግማሹን ቡድን ከየቤቱ ለቅሞ። መጨረሻ የወረደው እሱ ነው፤ በሩን ይዞ ትንሽ ቆየ። ምነው አልኩት። ጫማው ነው አለኝ። ጫማው ባለፈው ሳምንትም ነበር። ካለፈው ሳምንት በፊትም።

የልጆቹን ሁኔታ አያለሁ። ሲያልፋቸው ትከሻቸውን መታ ያደርጋል፤ ቀጥ ይላሉ። እኔ አሰልጣኙ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኼ የማላመጣውን እሱ በመዳፉ ያመጣዋል። ይሄንንም ጻፊው። ፍርድ ከሆነ ሙሉ ይሁን።

የፍጹም ቅጣት ምቱንም አስታወስኩ፤ መጋቢት ላይ የተሰጠንን። መቺያችን ሌላ ነው። ጌታቸው ግን ኳሱን አንስቶ ለዳዊት ሰጠው። ዳዊት እናቱ አገር ቤት ሞታበት ሳምንት አልሞላውም፤ ቀብሯ ላይ መድረስ አልቻለም፤ ለቅሶ ቤትም ደርቆ ነው የተቀመጠው። ሰማይ ላይ ሰቀለው። ተሸነፍን። እኔ ያን ቀን በንዴት ውሃ መጠጣት አቃተኝ። ይሄ ታክቲክ ነው ወይስ ለቅሶ መድረስ? ዳዊት ግን እዚያው ሣሩ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ጌታቸው ከጎኑ ተቀምጦ፣ ዳኛው ሁለት ጊዜ እስኪነፋ አላነሳውም።

ታዲያ ይሄን ሰው በምን ልመዝነው? በነጥብ? በነጥብማ ወድቋል።


እሁድ፣ ሜይ 22። ማታ

አለፍን! ፍጻሜ! ሁለት ለአንድ።

እና ልቤ ደንግጧል።

ከዕረፍት በኋላ ነው። ጌታቸው ኳስ ሊያወጣ ዘለለ፣ ሲያርፍ ጉልበቱ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። እኔ ከሜዳው ዳር አየሁት። ድምፅ የሰማሁም መሰለኝ፤ ግን ከዚያ ርቀት አይሰማም። ተነሳ። ልቀይርህ ብዬ ምልክት ሰጠሁ። እጁን አወዛወዘ፣ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። እኔም ዝም አልኩ። አሰልጣኝ ተብዬው ዝም አልኩ። የቀረውን ጊዜ በአንድ እግር ቆሞ ጨረሰ። በቀኝ በኩል ተቀይሮ የገባው ናቲ የሱንም የራሱንም ሲሮጥ ምላሱ ወጣ።

ሲያልቅ ጌታቸው የናቲን አንገት አቅፎ ወጣ። ሰዉ አጨበጨበ፤ የክርስትና አባትና ልጅ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። ሂሩት እንባ ተናነቃት። መኪና ውስጥ ስንገባ ናቲ ጫማውን እየፈታ እንዲህ አለኝ፦

“ዳድ፣ ሃግ አልነበረም። ሙሉ ክብደቱን ጥሎብኝ ነው የወጣው።”

ፍጻሜው ከውድብሪጅ ቡድን ጋር ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ጁን 5። ያሸነፈ በጁላይ ከየስቴቱ የሐበሻ ቡድኖች ወደሚገናኙበት ትልቁ ውድድር ይሄዳል። እኛ ሄደን አናውቅም። የውድብሪጅ ሁለቱ ክንፎች እንዴት እንደሚበሩ ታውቂያለሽ። አታውቂም። እኔ አውቃለሁ፤ ዓይኔን ስጨፍን ሁለቱንም በጌታቸው ግራና ቀኝ አያቸዋለሁ።


ሰኞ፣ ሜይ 23። ማታ

ኮሚቴ፣ ቤ/ክ አዳራሽ ምድር ቤት። ጋሽ ወርቁ ሊቀመንበር፤ ቡድኑን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው፣ ኳስ ግን በእጅ ነው ወይስ በእግር የምትጫወተው ቢሏቸው እስከዛሬ የሚያስቡ ይመስለኛል።

ሁሉም አንድ ሐሳብ ነው፦ ጌታቸው ለፍጻሜው መቀመጥ አለበት። ለቡድኑም ለራሱም። ሁሉም ይሄን አለ። ከዚያ ማን ይንገረው ተባለ። አንዱ ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመረ። አንዱ ስልኬ ጠራ ብሎ ወጣ፤ አልጠራም፣ እያየሁት ነበር። ጋሽ ወርቁ አሰልጣኙ አንተ አይደለህም እንዴ አሉኝ። ነኝ። ግን አበልጄም ነው። ልጄም ተቀያሪው ነው። እንዴት በዚህ አፌ?

ያን ጊዜ ነው ከአፌ የወጣው። ሽማግሌ እንላክበት አልኩ።

ሁሉም እፎይ አለ። እንዴት ያለ ሐሳብ ነው ተባልኩ። ጋሽ ወርቁ፣ ቀሲስና አንድ ሌላ አዛውንት ቅዳሜ እንዲሄዱ ተወሰነ። ለትዳር ሽማግሌ ይላካል፣ ለተጣላ ሽማግሌ ይላካል። አምበል ለማውረድ ሲላክ ከኛ በፊት ሰምተሽ ከሆነ ንገሪኝ።

እኔ ግን ዛሬ በሰላም እተኛለሁ። ከትከሻዬ ወርዷል።


ቅዳሜ፣ ሜይ 28። ማታ

አልወረደም። ወይኔ።

እንደሰማሁት ልጻፈው። ጋሽ ወርቁ ናቸው ደውለው የነገሩኝ፤ ድምፃቸው የጥፋተኛ ልጅ ድምፅ ነው።

ሦስቱም በነጠላ ሄዱ። መሰረት፣ የጌታቸው ሚስት፣ በር ከፈተች። ጌታቸው ሶፋው ላይ ነበር፣ ደንግጦ ተነሳ፣ ቁጭ በሉ አለ። እነሱ ደግሞ አንቀመጥም አሉ። ወጉ ነዋ! እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ጋሽ ወርቁ፣ ልጄ መጀመሪያ እሺ በለን፣ ከዚያ እንቀመጣለን አሉት። ነገሩ ምን እንደሆነ ገና አላነሱም። አንዲት ቃል አልተናገሩም። ጌታቸው ትንሽ አያቸው፣ ከዚያ ቶሎ ብሎ፣ እናንተን ያህል ሰው ደጄ ቆሞ እንዴት እምቢ እላለሁ፣ ለማቆም አስቤ ነበር፣ ግን ለእናንተ ስል እሺ፣ ፍጻሜውን እጫወታለሁ አለ።

ቀሲስ እጃቸው ለምርቃት ተነስቶ ነበር። የተነሳ እጅ አይመለስ። መረቁት። ጉልበቱን፣ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ቡድኑን። መሰረት ውሃ አቀረበች። አዛውንቱ አሜን አሉ።

“ምን ልበለው አበራ?” አሉኝ ጋሽ ወርቁ። “እሺ ካለን በኋላ እኮ ነው። መርቀን ወጣን።”

ስልኩን ዘጋሁ። ሂሩት ምን ሆነሃል አለችኝ። ሳቅ መጣብኝ፣ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፈትኩ። ለማቆም አስቤ ነበር አለ እኮ! ሊያቆም ነበር። ሰውየው በራሱ ሊወጣ በሩን ከፍቶ ቆሞ፣ እኛ ሽማግሌ ልከን መልሰን አስገባነው።


እሁድ፣ ሜይ 29

ቤ/ክ ወሬው ከኔ ቀድሞ ገብቷል። ቡድኑ አምበሉን ሽማግሌ ልኮ ለመነው። ሴቶቹ ሂሩትን እንዴት ያለ ፍቅር ነው ይሏታል። ሂሩት እውነቱን ታውቃለች፤ ፈገግ ብላ ታሳልፋለች፣ ቤት ስንገባ ግን አታናግረኝም።

ከቅዳሴ በኋላ ጌታቸው መጣ። ከሰዉ መሃል አወጣኝ። ሳመኝ። አመሰግናለሁ፣ ሰው እንዳለኝ አየሁ አለ። ከዚያ አልሄደም። እጁ ትከሻዬ ላይ፣ ዓይኑ ዓይኔ ላይ። አንድ ነገር እንድናገር የሚጠብቅ ይመስል።

እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? ምንም አይደል፣ ይገባሃል አልኩ።

አፈር ልብላ።


ማክሰኞ፣ ሜይ 31። ከሰዓት፣ ቡዝ ውስጥ

ስልኩን አሁን ነው የዘጋሁት።

መሰረት ደወለች። ሥራ ላይ ሆና፣ ዝግ ብላ ነው የምታወራው፤ ዝግታዋ ከጩኸት ይከብዳል። የጌታቸው ጉልበት ጅማት ተበጥሷል። ዛሬ አይደለም፣ ቆይቷል፤ የቀረችውን ደግሞ የዚያ እሁድ ዝላይ ጨረሳት። የፊታችን ሐሙስ ኦፕሬሽን ነበረው። በሷ ኢንሹራንስ፣ ስንት ወር ተጠብቆ የተገኘ ቀጠሮ። ሐኪሙ እንደገና ከተጠመዘዘ ጉልበቱ እንዳለ ይቀየራል፣ ዕቃ መጫንና ማውረድ የሚባል ሥራ እርሳው ብሎታል። ሥራው ደግሞ ያው ነው፤ ትራክ ይነዳል፣ ፍሪጅና ሶፋ ደረጃ ያወጣል። ሌላ አያውቅም። ሁለት ሴት ልጆች አሉት።

ዛሬ ጠዋት ደውሎ ካንስል አደረገው።

“አቤ፣ ሽማግሌ ልካችሁ ለመናችሁት እኮ” አለችኝ። “እኔ ምን ብዬ ላስቀረው? ከናንተና ከቀሲስ በላይ ልሁን?”

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከኋላ መኪና ጥሩምባ ነፋ። እግዜር ይስጠው ያንን ሰውዬ፤ አይስጠው። ዘጋሁት። በሩን ከፈትኩለት። አለፈ። እኔ እዚችው ሳጥን ውስጥ ቀረሁ።

አሁን ነገሩ ግልጽ ነው። ብነግረው፣ ቤ/ክ ሙሉ ሰው ተለመነ ብሎ ያመሰገነው ሰው ሊባረር እንደነበር ይሰማል፤ ፊቱን የት ያስገባል? አበልጅነታችንም እዚያ ያበቃል። ባልነግረው እሁድ ሜዳ ገብቶ እግሩን ይተዋል፤ ከእግሩ ጋር እንጀራውን። ሦስተኛ መንገድ ካለ አምጪልኝ። ያንቺ ገጽ ባዶ ነው፣ የኔም ጭንቅላት።


ረቡዕ፣ ጁን 1

ቀኑን ሙሉ ሦስተኛ መንገድ ስፈልግ ዋልኩ። ጋሽ ወርቁ ዘንድ ሄድኩ፤ እባክዎ ተመልሰው ይንገሩት አልኳቸው። የመረቅኩበትን አፌን ልብላው ወይ አሉኝ። ቀሲስ ዘንድ ሄድኩ፤ ጸሎት እንያዝ አሉኝ። ጸሎት ጥሩ ነው። ግን ጸሎት አሰላለፍ አያወጣም።

እንዲያውም ጨዋታው በዝናብ ቢሰረዝ ብዬ የአየር ትንበያ አየሁ። ፀሐይ ነው። እስከ እሁድ ፀሐይ። እዚህ ደረስኩ እንግዲህ፤ አሰልጣኙ ዶፍ እየለመነ ነው።


ሐሙስ፣ ጁን 2። ከልምምድ በኋላ

ዛሬ ሆስፒታል ተንጋሎ ተኝቶ መዋል የነበረበት ሰው ዊተን ሜዳ ላይ ቆሟል።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ቀረብኩት። ዕረፍት ቢጤ አያስፈልግህም ወይ አልኩ። ስሞት አርፋለሁ አለኝ፣ ሳቀ። እሁድ በጣም ይሞቃል አሉ አልኩ። ደህና ነው፣ ጉልበት ሙቀት ይወዳል አለ። እንዲህ እየተጠማዘዝኩ ቆየሁ። እሱ በትዕግሥት ያየኛል። ዙሪያውን ዞሬ ዞሬ ኳሱን መልሼ ለበረኛ ሰጠሁ።

ራሱ አልሮጠም። ልምምዱን ሙሉ ከናቲ ጋር ነው ያሳለፈው። እጅ ማንሳት ሲያስተምረው ሰማሁት። እግሩን አትይ እያለው፣ እግር ይዋሻል። ሊያቀብል ሲል ትከሻው ነው ቀድሞ የሚናገረው፤ ትከሻውን እይና ኳሷ ሳትወጣ አንተ ውጣ። ናቲ አስሬ ተሳሳተ። ከዚያ ያዛት። እጁን አነሳ፣ መስመሩ ሁሉ አብሮት ወጣ፣ አጥቂው ብቻውን ቀረ። ጌታቸው እንደ ሕፃን አጨበጨበ።

ታዲያ ለምን ያስተምረዋል? ራሱ የሚጫወት ከሆነ?

አላውቅም። ደክሞኛል።


ዓርብ፣ ጁን 3

ራት ላይ ናቲ ሹካውን አስቀምጦ ጠየቀኝ፣ ጌች ይጫወታል ወይ ብሎ። እስቲ እናያለን አልኩ። ዋት ዳዝ ዛት ሚን አለኝ፣ ምን ማለት ነው ብሎ። ሂሩት ወደ ሰሃኗ አቀረቀረች።

ሁሉንም ነገርኩት። ኮሚቴውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ የመሰረትን ስልክ። እየሰማ ፊቱ ይለዋወጣል። እዚህ አገር ያደገ ልጅ ይሄን እንዴት ይገባዋል ብዬ ነበር። ገባው፤ የማይገባው እኔ ነኝ።

“ዳድ፣ ጀስት ንገረው። ሶስት ሰው ልከህ ያልነገርከውን አንተ በአንድ ሴንተንስ ትነግረዋለህ።”

እንደሱ ቀላል አይደለም አልኩ። እንደሱ ቀላል ነው፣ ከባድ ያደረግከው አንተ ነህ አለኝ። ይሄን ያለኝ ሌላ ሰው ቢሆን ከጠረጴዛው አስነሳው ነበር። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የሱን ቦታ አልፈልግም አለ፣ ግን እግሩ ሲሰበር ከጎኑ ሆኜ ማየት ደግሞ ጭራሽ አልፈልግም። ተነስቶ ሰሃኑን አጠበ። ሰሃን አጥቦ አያውቅም።


ቅዳሜ፣ ጁን 4። ማምሻውን፣ መኪና ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ

ከጌታቸው ዘንድ ወጣሁ። ቤልትዌይ አውራ ጎዳናው ላይ ከመውጣቴ በፊት እዚሁ ፓርኪንግ ቆሜ ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ነገ አልሆነም ብዬ እክዳለሁ።

የሚኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው ያገኘሁት። የቡድኑን ማሊያ ያጥባል። ሁሌ እሱ ነው የሚያጥበው ለካ፤ እኔ ማን እንደሚያጥብ ጠይቄ አላውቅም። ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ እግሩን የሳሙና ካርቶን ላይ ዘርግቶ። ጉልበቱ አብጦ ሱሪው ተወጥሯል። ተቀመጥ አለኝ። አልቀመጥም አልኩ፣ ወዲያው እንደ ሽማግሌ እንዳወራሁ ገባኝ፣ ተቀመጥኩ።

አበልጅ፣ ሽማግሌዎቹ የመጡት ሊለምኑህ አልነበረም አልኩት።

ማሊያ ማጠፉን አላቆመም።

“አውቃለሁ” አለኝ። “ጋሽ ወርቁ በር ላይ ሲቆሙ ትከሻቸውን አየሁት። ሊለምን የመጣ ሰው ትከሻ አይደለም። ሳይናገሩ ቀድሜ እሺ አልኳቸው።”

ደብተሬ፣ ሦስት ሽማግሌ ኦፍሳይድ አስገብቶብናል! በአንድ እርምጃ! እንደዚያ በጉልበቱ፣ ከሶፋው ሳይርቅ። እኔ ደግሞ ታክቲኩ አርጅቷል ብዬ የፈረድኩ ሰው። ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ሳቁ ጠፋ።

ለምን አልኩት። ኦፕሬሽኑን ለምን? እግርህን ለምን? ማጠቢያው ማሽን ይንጫጫል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፣ አሁን ሳስበው እጮህ ነበር።

ለማቆም ወስኖ እንደነበር ነገረኝ። እሁድ ማታ፣ ከግማሽ ፍጻሜው በኋላ፣ መጥቶ ሊነግረኝ ነበር። ጥቂት ቀን እስኪሻለው ብሎ ቆየ። ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ሲከፈት ሽማግሌ። ስንት ዓመት ቤቴ ሳያንኳኳ የሚገባው ሰው፣ ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት ሰው፣ ሊያወርደኝ ሰው ላከብኝ አለ። ድምፁ አልተለወጠም። እንደ ባዳ አለ። ከጉልበቴ ይልቅ እሷ አመመችኝ።

እሁድ ቤ/ክ ላይ ትከሻዬን ይዞ የቆመው ለዚያ ነው። እንድነግረው ነበር የቆመው። ይገባሃል አልኩት።

ይቅርታ ጠየቅኩ። እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ያቺኑ ጉልበቱን ልነካበት ነበር፤ በእጁ ገታኝ። እሺ ነገ አትጫወትም አልኩት። አበቃ፣ አትጫወትም። ተናገርኩት ብዬ ትንፋሼን ለቀቅኩ።

ራሱን ነቀነቀ።

“እዚህ አትንገረኝ” አለ። “እዚህማ አበልጄ ነህ፤ ምንም ብትለኝ እሺ እልሃለሁ፣ እኔም እሺ ማለት እችልበታለሁ። ነገ ሜዳ ላይ፣ ልጆቹ ፊት፣ እንደማንኛውም ተጫዋች ንገረኝ። ከነገርከኝ እቀመጣለሁ። ካልነገርከኝ እገባለሁ። ጉልበቱ የኔ ነው፣ አሰላለፉ ያንተ ነው።”

መሰረትስ፣ ልጆቹስ አልኩት። ስለነሱ አንተ አስብላቸው፣ ነገ አለኝ። ከዚያ የታጠፉትን ማሊያዎች ወደኔ ገፋቸው፤ ደረጃውን ይዤለት እንድወጣ። ከላይ ያለው አምስት ቁጥር ነው። የሱ። ታጥቦ፣ ተተኩሶ።


እሁድ፣ ጁን 5። ሜዳው ዳር፣ መኪና ውስጥ

ፀሐይ ነው። እንደተነገረው።

ሰዉ መጥቷል። የውድብሪጅ ደጋፊዎች ከበሮ ይዘዋል። ጋሽ ወርቁ ነጠላቸውን ለብሰው የክብር ቦታ ተቀምጠዋል፤ ወደኔ አያዩም። የውድብሪጅ ሁለቱ ክንፎች ሜዳው ዳር ወደፊት ወደኋላ ይሮጣሉ። ለማሟሟቅ ነው የሚሉት፤ ለኔ ግን ሌላ ነው የሚመስለኝ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። አሰላለፉን ስጽፍ ስቀድ። አንዴ ስሙን አስገባሁት። እውነቴን ነው፣ ካንቺ ምን እደብቃለሁ፤ አስገባሁት፣ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ብቻ ይቁም፣ ለክብሩ፣ ከዚያ እቀይረዋለሁ ብዬ። እንደገና ሽማግሌ መላኬ እንደሆነ ሲገባኝ ቀደድኩት።

ፍርዴንም ልጨርስልሽ፤ ስጀምር ቃል ገብቼልሽ ነበር። ታክቲኩ፦ ከኔ ይበልጣል። አመራሩ፦ ልጆቹን አይቻቸዋለሁ። ለቡድኑ ያለው ዋጋ፦ ማሊያውን ማን እንደሚያጥብ እንኳ የማያውቅ ሰው ሊፈርድ አይችልም። እግሩ፦ አልቋል። የመጨረሻዋን ብቻ ነው ዛሬ አፌን ሞልቼ መናገር ያለብኝ።

ቫኑ መጣ። ልጆቹ ወረዱ። ዳዊት፣ ሌሎቹም። ናቲም ከነሱ ጋር ነው፣ ከኔ ጋር አልመጣም ብሎ። መጨረሻ እሱ። አምስት ቁጥር ለብሷል። ጉልበቱን በነጭ ጨርቅ ጠምጥሟል። የአምበልነቱ ማሰሪያ ክንዱ ላይ ነው። በሩን ይዞ ትንሽ ቆየ፤ ጫማው ነው ይበል እንጂ።

ልጆቹ ክብ ሠሩ። እኔን ነው የሚጠብቁት። መሰረት ሁለቱን ልጆች ይዛ ከዳር ቆማለች፤ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ፍርድ ነው የምታየኝ። ጌታቸው ከክቡ መሃል ወደዚህ ዞሯል። ትከሻዬን እያየ ነው። እዚህ ድረስ ይታወቀኛል።

ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ስለማመዳት ነው ያደርኩት። አጭር ናት። ምክንያት የላትም፣ ይቅርታ የላትም፣ አበልጅ የሚል የላትም። አሰላለፍ ከበረኛ ነው የሚጀምረው፤ እኔ ዛሬ ከበረኛው በፊት የሱን ስም እጠራለሁ። ወደ መሬት ሳላይ። ጌታቸው፣ ዛሬ አትጫወትም።

ዳኛው ሰዓቱን አየ። በሩን ከፈትኩ። አንድ እግሬ ሣሩ ላይ ነው፣ አንቺን ወንበሩ ላይ ላስቀምጥሽና